አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ማደስ፦ ቀለሙን መጨረሻ ላይ አድርጉት

የድሮ ማዘጋጃ ቤት አድሰን ለህዝብ እንክፈት ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፣ ምን ቀለም ይቀባ? እኔ የነበርኩበት ኮሚቴም ከዚ አልወጣም። ሶስት ስብሰባ ሙሉ ክሬም ይሁን ነጭ ይሁን ተጨቃጨቅን፣ የምርቃት ቀን ቆረጥን፣ ቀኑ ሲደርስብን ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስነን ላዩን ቀባነው፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። አንድ ክረምት ሲያልፍ ከወገብ በታች ያለው ቀለም እንደ እባብ ቆዳ ተገሽልጦ ወረደ፣ ልስኑን በጣታችሁ ስታንኳኩት ውስጡ ባዶ እንደሆነ ይሰማል። ሁለተኛ ጊዜ ከዜሮ ጀምረን ስንሰራው ነው የገባኝ፣ ስራው ራሱ ያን ያህል ተአምር አይደለም፣ የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉን ማክበር ነው። ስለዚ እዚ የምጽፈው ቅደም ተከተሉን ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ረዘም አደርጋለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ጋር ነው።

1. ሰኞ ጠዋት ማን ይገባበታል?

"ለማህበረሰቡ አገልግሎት ይውላል" የሚለው ነገር መልስ አይደለም። አንድ ወረቀት ውሰዱና 7 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ቀን ጠዋት ከሰአትና ማታ አድርጋችሁ 21 ሳጥን ስሩ። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ማን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሆነና ከፍሎ ነው በነጻ የሚለውን ጻፉ። ግማሹ ባዶ ከሆነ ገና አልደረሳችሁም፣ ሂዱና ሰው አናግሩ፣ የቲያትር ክበቡን፣ የሴቶች ማህበሩን፣ ልጆች የሚያስጠኑትን፣ አዳራሽ አጥተው ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩትን ሁሉ። እነዚ ድርጅቶች በቃል "አሪፍ ሀሳብ ነው" ማለታቸው ብዙ አይረዳም፣ በሳምንት ስንት ሰአት እንደሚፈልጉ ጽፈው ይፈርሙላችሁ።

ማዘጋጃ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ አዳራሽና ዙሪያውን ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ናቸው። ትልቁ አዳራሽ ስሙ ነው ትልቅ እንጂ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ቢያዝ ነው፣ የመብራትና የጥበቃውን ወጪ ቀጥ አድርገው የሚችሉት በየወሩ ኪራይ የሚከፍሉት ትንንሾቹ ክፍሎች ናቸው። ስለዚ ኮሚቴው ሁሉ አዳራሹ ላይ ሲያፈጥ አንድ ሰው ስለ ትንንሾቹ ክፍሎች ብቻ እንዲያስብ መድቡ።

የባለቤትነቱን ነገር አሁኑኑ ጨርሱ። ህንጻው የማን ነው፣ እናንተ የምትይዙት በምን ውል ነው፣ ለስንት አመት፣ ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠግነው ማን ነው። የሶስት አመት ውል ይዛችሁ የሰላሳ አመት ስራ እንዳትሰሩ። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አንድ ሚስማር ከመንቀላችሁ በፊት የቅርስ ጥበቃውን መስሪያ ቤት አናግሩ፣ በኋላ አፍርሱ መባል አለና። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥበቃና እድሳት የሚናገር ዓለም አቀፍ ሰነድ ነው፣ አንቀጽ 5 ላይ ቅርስን ለማህበራዊ ጥቅም ማዋል ጥበቃውን ይረዳል፣ ግን የህንጻውን አቀማመጥና ጌጥ መቀየር አይገባም ይላል፣ በደፈናው የምትደራደሩት በዚ መሀል ነው ማለት ነው።

2. ከመንካታችሁ በፊት መዝግቡ

እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ጥግ፣ ከዛ ኮርኒሱን፣ ከዛ ወለሉን ፎቶ አንሱ፣ የፎቶው ስም ላይ የክፍሉን ቁጥር ጻፉ። በሩና መስኮቱ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው። አሰልቺ ነው፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ አናጺው አስራ ሁለት ማጠፊያ ባልዲ ውስጥ ይዞ መጥቶ የቱ የየትኛው በር ነው ሲላችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

የድሮው መልክ ምን እንደነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ መዝገብ ቤት ብቻ አትፈልጉ፣ የሰርግ ፎቶ ፈልጉ። ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይፈራረማል፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ በሩ አለ፣ መብራቱ አለ፣ የደረጃው መደገፊያ አለ። እኛ የጠፋውን የበር ላይ መስታወት ቅርጽ ያገኘነው ከአንዲት አሮጊት አልበም ነው፣ ሴትየዋ ፎቶውን ስትሰጠን ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ቬሏ ነበር የምታወራው። ፎቶም ሆነ ፕላን ያልተገኘለትን ነገር ግን "እንዲ ሳይሆን አይቀርም" ብላችሁ አትፍጠሩ፣ ያው ቻርተር አንቀጽ 9 ላይ እድሳት ግምት የሚጀምርበት ጋር መቆም አለበት የሚለው ለዚ ነው። ባዶውን ተዉት ወይም አዲስ መሆኑ የሚታወቅ ቀለል ያለ ነገር አድርጉበት።

ምድር ቤትና ጣሪያ ስር ያሉ የድሮ ፋይሎችን ቆሻሻ ብላችሁ እንዳትጥሉ፣ የመሬት ካርታና የልደት መዝገብ እዛ መሀል ሊኖር ይችላል። እርጥብ የሆነውን ከደረቁ ለዩና ከቤተ መዛግብት ሰው ይታይ። ማማው ላይ ርግብ ካለ ደግሞ ኩሱን በደረቁ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ አቧራው ሳንባ ላይ የፈንገስ በሽታ ያመጣል፣ ውሃ ርጩበትና ደህና ማስክ አድርጋችሁ አንሱት።

3. ኢንጂነሩ ምን ይይ?

አሮጌ ህንጻ የሚያውቅ ስትራክቸራል ኢንጂነር ፈልጉ። አዲስ ህንጻ ብቻ የሰራ ሰው ስንጥቅ ባየ ቁጥር ኮንክሪት ኮለን ይላችኋል። አንድ ቀላል ነገር እራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ስንጥቁ ላይ አግድም ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ በጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፣ አመት ሙሉ ደህና ከቆየ ስንጥቁ የድሮ ጣጣ ነው። አመት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ግድግዳ በዝናብና በደረቅ ወቅት ይከፈታል ይዘጋል፣ በሁለት ወር የምታዩት ነገር ይሸውዳችኋል።

ኢንጂነሩን አስረግጣችሁ የምትጠይቁት ግን ስለ ወለሉ ነው። ፎቁ ላይ ያለው የእንጨት ወለል ለጸሐፊዎችና ለጠረጴዛ የተሰራ ነው፣ እናንተ ግን ጭፈራ ልታስጨፍሩበት ነው። በአሁኑ ጊዜ የዲዛይን ደንቦች መሰረት ቢሮ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ ይታሰባል፣ ሰው የሚታፈግበት አዳራሽ ደግሞ ወደ 500 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚ "እስካሁን ችሏል እኮ" የሚለው ክርክር አይሰራም፣ እስካሁን የቻለው ሌላ ነገር ነው። ወለሉ ካልቻለ ማጠናከር ይቻላል፣ ወይም ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው፣ ፎቁን ላይብረሪ ሳይሆን የስብሰባና የጥናት ክፍል አድርጉት (መጽሐፍ መደርደሪያ ከሰው ይከብዳል)፣ ጭፈራውን ምድር ላይ አድርጉት።

4. ውሃው፣ ውሃው፣ ውሃው

ይሄ ክፍል ረጅም ነው፣ እኛ የከሰርነው እዚ ነው።

ዶፍ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ያዙና ህንጻውን ዙሩት። ሁሉም ሰው ፀሀይ ሲወጣ ነው ሄዶ የሚያየው፣ በፀሀይ ምንም አይታይም። አሸንዳው የት ጋር ሞልቶ ይፈሳል፣ የትኛው ማውረጃ ቱቦ ከመጋጠሚያው ይተፋል፣ ውሃው መሬት ሲደርስ ወዴት ይሄዳል፣ ይሄን ሁሉ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። የቱቦውን ጀርባ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ፊት ለፊቱ ደህና ቀለም ተቀብቶ ጀርባው በዝገት የተበላ ብዙ ነው፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ነው የሚገባው። አረንጓዴ የእርጥበት መስመር የወረደበት ግድግዳ ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት፣ መጨረሻው ላይ የተደፈነ አሸንዳ ታገኛላችሁ፣ አሸንዳው ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል፣ የሞተ ርግብና የሆነ ልጅ የጣለው ኳስ።

ከዛ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ስር ግቡና ባትሪያችሁን አጥፉ። ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ውሃም ይገባበታል፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

መሬቱን እዩ። አመት በመጣ ቁጥር አስፋልቱ ላይ አስፋልት፣ ታይሉ ላይ ታይል እየተደረበ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል በላይ የሆነበት አሮጌ ህንጻ በጣም ብዙ ነው። እንደዛ ከሆነ ግድግዳው ከጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው፣ የፈለጋችሁትን ኬሚካል ብትቀቡት አይደርቅም። መፍትሄው አካፋ ነው፣ ዙሪያውን ቆፍራችሁ የውጪውን መሬት ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ተዳፋቱን ከህንጻው ወደ ውጪ አድርጉት፣ ኮብል ወይም ጠጠር አልብሱት እንጂ ግድግዳው ስር ሲሚንቶ አትድፉበት። አንድ ነገር ብቻ፣ መሠረቱ ስር እንዳትገቡ፣ ጥልቀቱን ኢንጂነሩ ይወስን።

እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው ወይስ የክፍሉ አየር ነው ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ በዙሪያው በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ላብ የያዘው ከላስቲኩ ጀርባ ግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ፊት ለፊት በእናንተ በኩል ካላበ ደግሞ ክፍሉ አየር አላገኘም፣ መስኮት ክፈቱ፣ የተደፈኑ የአየር ማስገቢያዎች ካሉ አስከፍቱ።

ውሃውን ካቆማችሁ በኋላ ምንም አትስሩ። አዎ፣ ምንም። ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ በየ2.5 ሳንቲሜትሩ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል የሚል የባለሙያዎች ግምት አለ፣ 60 ሳንቲ ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ሁለት አመት ማለት ነው። ሁለት አመት ቁጭ በሉ እያልኩ አይደለም፣ በዚ ጊዜ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ኤሌክትሪኩን ትሰራላችሁ፣ ልስኑንና ቀለሙን ብቻ ነው የምታዘገዩት። ግድግዳው ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ አትደንግጡ፣ እየደረቀ ስለሆነ ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ በውሃ አትጠቡት ምክንያቱም ጨውን መልሳችሁ ማስገባት ነው።

እዚ ጋር ነው ስለ ምርቃት ቀን የምለው። ግድግዳ ካላንደር አያነብም፣ እንግዳ ተጠርቷል ብሎ አይደርቅም። ቀን መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ አንድ ደረቅ ክፍል መርጣችሁ እሱን ብቻ ክፈቱ፣ ሰው እየገባ እየወጣ የቀረው ይሰራል፣ ገንዘብ የሚሰጡትም ሰዎች የሚከፈት በር ሲያዩ እጃቸው ይፈታል።

5. ሲሚንቶ ሳይሆን ኖራ

የፖርትላንድ ሲሚንቶ ፓተንት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፣ ተራ ግንበኛ እጅ የገባው ደግሞ ከዛ በጣም ቆይቶ ነው። ስለዚ ህንጻችሁ እድሜ ካለው የተገነባውም የተለሰነውም በኖራ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ ላዩን ይዘጋዋል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ በለስላሳው ድንጋይ ወይም በጡቡ በኩል ይወጣል፣ ከዛ ጡቡ ፊቱ እየተፈረፈረ ሲሚንቶው ብቻ እንደ መረብ ቆሞ ይቀራል። እንደዚ አይነት ግድግዳ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሠራሩ እንዲ ነው። የተበላውን መጋጠሚያ በእጅ መሮና በመዶሻ አውጡት፣ ግራይንደር አታስገቡ፣ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን። አቧራውን ጥረጉ፣ ግድግዳውን በውሃ ርጩት፣ ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። ለአብዛኛው ስራ አንድ እጅ ኖራ ሶስት እጅ አሸዋ ይበቃል፣ በባልዲ እንጂ በአይን አትለኩ። አሸዋው ሻካራና ትልቅ ትንሹ የተቀላቀለበት ይሁን፣ ጭቃ ካለበት አይሆንም። ለማወቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አሸዋና ውሃ ጨምራችሁ ነቅንቁና አሳድሩት፣ ጠዋት ከላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ካረፈ ሌላ አሸዋ ፈልጉ። ከሞላችሁ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለተወሰኑ ቀናት ውሃ እያርከፈከፋችሁ ከፀሀይና ከንፋስ ጠብቁት፣ ኖራ ቀስ እያለ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ነው የሚጠነክረው፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል። ልስን ከሆነ ደግሞ በአንዴ አትደፍኑት፣ አንድ ሳንቲ ገደማ እያደረጋችሁ በንብርብር።

ኖራ አይን ያጠፋል፣ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። ያልበረደ ኖራ ገዝታችሁ ራሳችን እናበርደው ደግሞ አትበሉ፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል ይረጫል፣ የበረደውን ግዙ።

ቀድሞ የተለጠፈ ሲሚንቶ ካለስ? በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፣ ባዶ የሚጮኸው በቀላሉ ይነሳል። ድንጋዩን ይዞ የሚነሳ ከሆነ ግን ተዉት፣ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ጠብቁ፣ እልህ አያስፈልግም። ግንበኛው ደግሞ ድርቅ ብሎ "ኖራ አይጠነክርም፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጠብ ላርግበት" ይላችኋል፣ ሁሉም ይላል፣ ስለዚ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ናሙና አሰሩት። ናሙናውን ተስማምታችሁ ከተቀበላችሁ ቀሪው ስራ ሁሉ የሚለካው በሱ ነው፣ ክርክር የለም።

6. እንጨቱና መስኮቱ

ወስፌ ያዙና ምሰሶውን፣ በተለይ ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ወጉት። ደህና እንጨት ይመልሳችኋል፣ የበሰበሰ ያስገባችኋል። ምስጥ ካለ የጭቃ መንገዱን ትንሽ ሰብሩትና ከቀናት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፣ ጠግኖት ካገኛችሁት አለ ማለት ነው፣ ማጥፊያ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጣችሁ በተመሳሳይ አይነት እንጨት ቀጥሉት፣ ሙሉውን መቀየር የመጨረሻ አማራጭ ነው።

መስኮት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ሰው ግን ይሄን አይቶ "አሮጌ ነው" ብሎ ሁሉንም ነቅሎ አሉሚኒየም ያስገባል፣ ከውጪ ስታዩት ህንጻው አይኑ የወጣ ይመስላል። አሮጌው መስታወት ትንሽ ወዝወዝ የሚል ከሆነ አትቀይሩት፣ የድሮ አሰራር ነው፣ አሁን በቀላሉ አይገኝም።

7. አሁን ቀለም

የመጀመሪያውን ቀለም ለማወቅ ከስልክ ካርድ የማይበልጥ ቦታ ላይ በሹል ምላጭ አንድ አንድ ንብርብር እየላጣችሁ እንደ ደረጃ አድርጉት፣ አንድ ሳንቲ ስፋት የላይኛው፣ ቀጥሎ ከሱ በታች ያለው፣ እንደዛ እያለ እስከ ልስኑ። እኛ ነጭ ነው ክሬም ነው ብለን ሶስት ስብሰባ የጨረስንበት ግድግዳ ዘጠኝ ቀለም ነበረው፣ የታችኛው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ማንም አልገመተም።

የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሳንድ ፔፐር አትፈትጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት፣ እያራሳችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት። አስቤስቶስም (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ቁስ) እንደዛው ነው፣ የቆየ የኮርኒስ ሰሌዳ ወይም የቧንቧ መጠቅለያ ከተጠራጠራችሁ አትቦርቡሩት፣ አስመርምሩት። የምትቀቡት ደግሞ የኖራ ቀለም ወይም ሌላ የሚተነፍስ ቀለም ይሁን። በኖራ ለስናችሁ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ከቀባችሁ እኮ ያው መልሳችሁ ዘጋችሁት።

8. እሳት፣ መብራትና በር

አሮጌ ህንጻ ከምንም ጊዜ በላይ የሚቃጠለው እየታደሰ ባለበት ሰአት ነው ብል አላጋነንኩም። እንግሊዝ ውስጥ አፕፓርክ የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ጣሪያው ላይ የእርሳስ ቆርቆሮ በእሳት ሲበየድ ተቃጠለ፣ ያውም እድሳቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት። ለንደን ያለው እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የባተርሲ ማዘጋጃ ቤት፣ አሁን የኪነ ጥበብ ማዕከል ነው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 እድሳት ላይ እያለ ተቃጥሎ የታላቁ አዳራሹ ጣሪያ ወደቀ። ስለዚ ብየዳና ነበልባል ያለው ስራ ሁሉ በጽሁፍ ፈቃድ ይሁን፣ እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ይኑር፣ ስራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰአት ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ ከሰአት ዘጠኝ ሰአት በኋላ ብየዳ አይጀመር። የኢንሹራንሱን ወረቀት ደግሞ አንብቡት፣ እድሳት ላይ ያለ ህንጻ የማይሸፍን አለ።

የድሮውን ኤሌክትሪክ መስመር አትጠጋግኑ፣ ከቆጣሪው ጀምሮ ቁረጡት። ጎማ ልባስ ያለው የድሮ ገመድ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። አዲሱን ገመድ ግን ግድግዳ እየፈለጣችሁ አትቅበሩት፣ ከወለሉ ስር፣ በድሮው ጭስ ማውጫ ውስጥ፣ ወይም በግልጽ በቱቦ ጥግ ጥጉን አስኪዱት፣ ነገ የሚነሳ ነገር ይሁን።

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው? እ.ኤ.አ. በ1903 ቺካጎ የሚገኘው ኢሮኳ ቲያትር ሲቃጠል 602 ሰው ሞቷል፣ ብዙዎቹ የተቆለፉና መክፈቻቸው የማይታወቅ በሮች ጋር ተደራርበው። የህዝብ አዳራሽ በር ወደ ውጪ ይከፈት፣ ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት መቆለፊያ ይኑረው፣ የቅርስ በር ስለሆነ መገልበጥ ካልተፈቀደላችሁ ዝግጅት ባለ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በመንጠቆ ይያዝ፣ ሌላ መውጫም ይኑር። የሚይዘውን ሰው ቁጥር ወስናችሁ በሩ ላይ ጻፉ፣ ለመነሻ ያህል ወንበር ብቻ ከሆነ ለአንድ ሰው 0.65 ካሬ ሜትር፣ ጠረጴዛም ካለ 1.4 ካሬ ሜትር ያስቡለታል። 12 በ20 የሆነ አዳራሽ መድረኩንና መተላለፊያውን ሳትቀንሱ በወንበር ወደ 370፣ በጠረጴዛ ወደ 170 ሰው ይመጣል፣ ከዛ በኋላ የመውጫዎቹ ስፋት ቁጥሩን ይቀንስባችኋል እንጂ አይጨምርላችሁም። የእሳት አደጋ ሰዎችን ቀድማችሁ ጥሩ።

9. ዊልቸር፣ ሽንት ቤትና ማሚቶ

ማዘጋጃ ቤት ማለት ደረጃ ማለት ነው፣ ሰው ሽቅብ እያየ እንዲገባ ተብሎ የተሰራ። ራምፕ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ይፈልጋል፣ 80 ሳንቲ ከፍታ ላለው ደረጃ 9.6 ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ 1.5 ሜትር ማረፊያ። ቦታ ስለሚፈጅ መጀመሪያ ፕላን ላይ ይግባ። በጎን በር በኩል ማድረግ ይቻላል፣ ግን የቆሻሻ ገንዳው ያለበት የጓሮ በር እንዳይሆን፣ ቢቻል ሁሉም ሰው በዛው በር እንዲገባ አድርጉ። ከድንጋዩ ጋር አታጣብቁት፣ ለብቻው የቆመ ብረት ወይም እንጨት ይሁን። ሽንት ቤት ላይ የምለው አንድ ነው፣ የሴቶቹን ካሰባችሁት እጥፍ አድርጉት፣ እረፍት ሲሆን ሰልፉን ታዩታላችሁ።

ድምጽ ሁሉም የሚረሳው ነገር ነው። ባዶ አዳራሽ መሀል ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ፣ ማሚቶው ሶስት ሰከንድ ከቆየ ንግግር አይሰማም፣ ለንግግር አንድ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚፈለገው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 አባዙትና በምትፈልጉት ሰከንድ አካፍሉ፣ የሚመጣው ድምጽ መጣጭ ነገር በካሬ ሜትር ነው። 12 በ20 በ7 ሜትር የሆነ አዳራሽ 1680 ሜትር ኩብ ነው፣ ለአንድ ሰከንድ 270 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል፣ ሶስት ሰከንድ የሚያስተጋባው ግን ያለው 90 ብቻ ነው። ጎደሎውን ወፍራም መጋረጃ፣ ልባስ ያለው ወንበርና ራሱ ሰው ይሞላዋል። ስፒከር መጨመር ግን ማሚቶውን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ባተርሲዎች ከቃጠሎው በኋላ ይሄን ነገር በጣም ቆንጆ አድርገው ነው የፈቱት፣ የጠፋውን የጀሶ ኮርኒስ አስመስለው አልሰሩም፣ የድሮውን የጌጥ ቅርጽ ተከትሎ የተቦረቦረ የእንጨት መረብ ሰቀሉ፣ ድምጹን ያስተካክላል፣ ግድግዳው ላይ የእሳቱ ጠባሳ እንዳለ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲከፈት ማንም ሰው አዲሱን ከአሮጌው አይሳሳትም።

10. ገንዘቡና ከዛ በኋላ ያለው

መጠባበቂያ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያዙ፣ ልስኑ ሲነሳ ከስሩ ምን እንደሚወጣ ኮንትራክተሩም አያውቀውም። ገንዘቡ በአንዴ ካልተገኘ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፣ ጣሪያና አሸንዳ፣ ከዛ መሬቱ፣ ከዛ መስኮት፣ ከዛ ኤሌክትሪክ፣ ልስንና ቀለም በኋላ። ለጋሽ መጥቶ "እኔ የፊት ለፊቱን ቀለም ልሸፍን" ሲል ስሙን አሸንዳው ላይ እንጽፍልሃለን በሉት፣ ቀልድ አይደለም፣ ትንሽ ናስ ሰሌዳ አድርገን የጻፍንለት ሰው አለን፣ አሁን በዘነበ ቁጥር እየመጣ አሸንዳውን ያያል።

ሲያልቅ ደግሞ በአመት ሁለቴ፣ ከዝናብ በፊትና በኋላ፣ አሸንዳ የሚጠርግ ሰው በስም ይመደብ። አንድ ደብተር ይኑር፣ ቀኑ፣ የጠረገው ሰው፣ ያየው ነገር፣ በቃ ሶስት መስመር። መሰላሉ የት እንደሚቀመጥና ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ጽፋችሁ የጥበቃው ክፍል በር ጀርባ ላይ ለጥፉት፣ የኛ መሰላል ሁለት አመት መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነበር።